ሳሎኑ ምን አጠፋ?

ሰው ቤቱን ቀለም ያስቀባል፤ ጣሪያ ያስቀይራል፤ እጁ ሲረዝም ደግሞ አጥሩን በድንጋይ ያስገነባል። እኔ ሳሎኔን አሳርሜያለሁ። መካነ ሰላም ውስጥ ከእኔ በፊት ሳሎኑን ያሳረመ ሰው መኖሩን አልሰማሁም፤ ከእኔ በኋላም የሚመጣ አይመስለኝም። ቢመጣ ግን ሳያማክረኝ እንዳይጀምር አደራ እላለሁ። ከጎኔ አስቀምጬ የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ አወራለታለሁ። እሱ እስኪመጣ ለእናንተ ላውራችሁ።

ነገሩ የመጣው በእህቴ በዘምዘም ነው። ዘምዘም የእኔ ተከታይ ናት። ከሰፈራችን እንደወጡት እንደ ብዙዎቹ ልጆች አረብ አገር ሄዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራለች። አሁን የምንኖርበትን የብሎኬት ቤት ያሠራችው እሷ ናት። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ በመምህር ደመወዝ የሚሠራው የዶሮ ቤት ነው፤ እሱም ዶሮዎቹ ካገዙ።

ትሠራበት በነበረው ቤት ለፊልም ብቻ ተብሎ የተሠራ ክፍል ነበር። መስኮት የለውም። ጠዋት ጠዋት እየገባች በለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ትወለውልና ወጥታ ትዘጋዋለች። ማሽኑ ሲሠራ ሰምታው አታውቅም። አንድ ቀን ግን የታጠበ ልብስ ታቅፋ በኮሪደሩ ስታልፍ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ዝናብ ሰማች። ዝናብ ብርቅ በሆነበት አገር፣ ቤት ውስጥ፣ ዝናብ። ይህንን በድምፅ መልእክት ስትነግረኝ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ወንድም ዓለም፣ ዝናቡ ከፊቴ ብቻ አልነበረም። ከኋላዬም መጣ። ወላሂ ዞር ብዬ አየሁ። ኮሪደሩ ደረቅ ነው። ከዚያ በሩን ዘጉት። እኔ እሱን ዝናብ ቁጭ ብዬ፣ እስኪያባራ መስማት ነው የምፈልገው።»

ሌላው ሰው ከአረብ አገር ሲመለስ ወርቅ ይገዛል፤ ፍሪጅ ይገዛል። የኔዋ እህት ዝናብ ገዛች። መምጫዋ ሲቃረብ ሙሉውን ሆም ቴአትር በካርጎ ላከችልኝ፤ ስደርስ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኝ አለች። ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ፣ በዚያ በምታውቁት መንገድ እየተንገጫገጨ መጣ። ቴሌቪዥኑ የበራችንን ያህል ነው። ስፒከሮቹ በየማዕዘኑ የሚቆሙ ናቸው። ቤዝ የሚባለው ሣጥን ብቻውን የኑግ ጆንያ ያህላል። ሰፈሩ ተሰብስቦ ሲያይ እኔ ካርቶኑን የምቀደው በባለሙያ አኳኋን ነበር። ምክንያቱም በየዓመቱ «ድምፅ» የሚል ምዕራፍ አስተምራለሁ። ሞገዱን በጠመኔ ስስል እጄ አይንቀጠቀጥም።

ገጣጥሜ ስጨርስ ዜና ከፈትኩ። ዜና አንባቢው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሰዎች እንዲያወጡት የሚጣራ መሰለ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ግድግዳውን ዞሮ ተመልሶ የሚቀጥለውን ቃል ይጋፋዋል። ባለቤቴ ሰዓዳ ከጓዳ ብቅ ብላ ለትንሽ ጊዜ አዳመጠችና፣ ሰውየው ባልዲ ውስጥ አንገቱን ከትቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስፒከሮቹን አዞርኳቸው። ባሰ። ወንበሮቹን ገፋሁ። አሁን ደግሞ ሁለት ዜና አንባቢዎች ሆኑ።

በስልክ ያማከርኩት የሥራ ባልደረባዬ ደሴ ከተማ ውስጥ አንድ ባለሙያ እንዳለ ነገረኝና አስመጣሁት። ባለሙያው ከሚኒባስ የወረደው ጥቁር መነጽር አድርጎ ነው፤ ቤት ከገባም በኋላ አላወለቀውም። ማሽኑን ያያል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ዞር ብሎም አላየው። በየማዕዘኑ እየቆመ አንድ አንድ ጊዜ ያጨበጭባል፤ ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ሰዓዳ በጓዳው መጋረጃ ቀዳዳ ስታየው ቆይታ፣ ሰውየው ድቤ መቺ ነው ወይ ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ።

በመጨረሻ ፍርዱን ሰጠ። ማሽኑ ጤነኛ ነው። ጥፋተኛው ሳሎኑ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት፤ ድምፁን ሁሉም እየተቀባበለ ይወራወረዋል። ስለዚህ ክፍሉ መታረም አለበት። ማሽኑ ራሱ ትንሽ ማረሚያ ይዞ መጥቷል፤ ግን እሱ ለዓመል ያህል ነው አለ። የዋናው ማረሚያ ፕሮግራም በክፍያ ከኢንተርኔት ይወርዳል፤ የራሱ ማይክሮፎን አለው፤ ማይክሮፎኑ የክፍሉን ጥፋት አንድ በአንድ ይሰማና ማሽኑ ያንን ጥፋት ገልብጦ እንዲጫወት ያደርገዋል። ክፍሉ የሚያጎላውን ማሽኑ ይቀንሳል፤ ክፍሉ የሚውጠውን ማሽኑ ይጨምራል። ይህን ሲናገር ፊቱ ወደ እኔ ነበር። ዋጋውን ሲናገር ግን ወደ ኮርኒሱ ቀና አለ።

ሰዓዳ ዋጋውን ስትሰማ፣ በዚህ ገንዘብ ሳሎኑን አፍርሶ ሌላ መሥራት አይሻልም ወይ አለች። እኔም ልቤ ወደዚያው ነበር። ግን የፊዚክስ መምህር ነኝና ሳይንስን አልቀበልም ማለት ከበደኝ። ለዘምዘም መልእክት ላክሁላት። መልሷ አጭር ነበር፤ ለዝናቡ የሚበጅ ከሆነ ይገዛ አለች። ተገዛ።

አሁን የቀረው ለአባቴ መንገር ነው። አባቴ ሼህ ናቸው። በግቢያችን ባለው በአሮጌው ቤት ለሰፈሩ ልጆች ቁርአን ያቀራሉ። የብሎኬቱ ቤት የዘምዘም ቢሆንም ያለ እሳቸው ፈቃድ ሚስማር አይመታበትም። ከዙህር ሶላት ሲመለሱ ጠብቄ፣ ሳሎኑን ልናሳርመው ነው አልኳቸው። አባቴ ጫማቸውን እያወለቁ ነበር፤ አንዱ በእጃቸው እንዳለ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሳሎኑ ምን አጠፋ?»

የድምፅን ነገር ከሞገድ ጀምሬ አስረዳኋቸው። ክፍል ውስጥ ያሉ ተማሪዎቼ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያንቀላፋሉ፤ አባቴ ግን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳርም ኖሬ አንድም ቀጥ ብሎ የወጣልኝ የለም። ግድግዳ ከተቃናላችሁ እሰየው ነው» አሉና ጫማቸውን አስቀምጠው ገቡ። ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

ከእርማቱ በፊት ግን ክፍሉን ማለስለስ ያስፈልጋል ተባለ። ግድግዳው ላይ የሚሰቀል፣ ድምፅ የሚጠጣ ወፍራም ነገር ያስፈልጋል። ሌላው ቢሆን መጋረጃ ይገዛ ነበር። እኔ ግን ወፍራም ነገር የሚለውን ቃል ስሰማ የታየኝ አቀስታ ነው። አቀስታን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያ ብርድ ያለ ሱፍ አይቻልም። ስለዚህ እዚያ ሄጄ ከበግ ሱፍ የተሠራ ባናና የበግ አጎዛ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ተመለስኩ። ተሳፋሪዎቹ ነጋዴ መስዬአቸው የሱፍ ገበያ ተወደደ ወይ እያሉ ሲጠይቁኝ መጡ። ለሳሎኔ ነው አላልኳቸውም።

ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በባና ሸፈንኩት። ማዕዘኖቹ ላይ አጎዛ ቸነከርኩ። ክፍሉ በእርግጥ ጸጥ አለ። ባለሙያው ሲያጨበጭብ ጭብጨባው ከመዳፉ አልወጣም። ደስታዬ ግን እስከ ማግስቱ ብቻ ነበር። ከአጎዛው ጋር ቁንጫ መጥቶ ኖሯል። የአቀስታ ቁንጫ በብርድ የጠነከረ ነው፤ የእኛን የወሎ ቦረናን የተሻለ ሙቀት ሲያገኝ እንደ ልቡ ሆነ። አባቴ ለእንግዳ ሲያወሩ አንድ እግራቸውን በሌላው እየፈተጉ ነው። እኛው ዘንድ የሰነበተው ባለሙያ እንኳን መነጽሩን ያወለቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነው፤ ቅንድቡን ሊያክክ። ሰዓዳ አጎዛዎቹን በሙሉ ነቅላ ፀሐይ ላይ አሰጣቻቸው፤ ባናዎቹን በፈላ ውሃ ቀቀለቻቸው። የተቀቀለ ባና እንደሚኮማተር ያወቅሁት ያኔ ነው። ግድግዳውን እኩሌታውን ብቻ ሸፈነ። ባለሙያው ሲያጨበጭብ ግን አሁን ልኩ መጣ አለ። እንዲያውም ቀድሞ ታፍኖ ነበር አለ። በቁንጫ ምክንያት የተስተካከለ ሳሎን እንደኛ ያለ አይኖርም።

አሁን መለካት ተጀመረ። ማይክሮፎኑ ከመሐለኛው ወንበር ላይ፣ የሰው ጆሮ በሚያርፍበት ቁመት ይቆማል። ስፒከሮቹ በየተራ አንድ ድምፅ ያሰማሉ፤ ከበሬ ጉርምርምታ ተነሥቶ ወደ ላይ እየቀጠነ ሄዶ እንደ ፉጨት ያልቃል። በዚያ መሐል ሌላ ምንም ድምፅ መሰማት የለበትም። ምንም። ማይክሮፎኑ የሰማውን ሁሉ የሳሎኑ ጥፋት አድርጎ ይመዘግባልና።

እንግዲህ መካነ ሰላም ውስጥ ጸጥታ ፈልጉ። መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ ነበር። ወፍጮው ሲያርፍ አይሱዙ ማርሽ ቀይሮ ዳገቱን ተያያዘው። አይሱዙው ሲያልፍ አህያ ጀመረች፤ አህያ ደግሞ ጀምራ መሐል ላይ አትተውም። አህያዋ ስትጨርስ ፀሐዩ በረታና ቆርቆሮው ቀጭ፣ ቋ ማለት ጀመረ። ለምን በሌሊት አትለኩም ያሉኝ ነበሩ፤ የሰፈራችንን ውሾች አያውቋቸውም። ማይክሮፎኑ የተሰካበት ኮምፒውተር በየጊዜው ጫጫታ ስለበዛ እንደገና ይሞከር የሚል ጽሑፍ ያወጣል። ባለሙያው ፊቱን ያዞርብኛል፤ ከተማውን የሠራሁት እኔ ይመስል።

አንድ ጊዜ ሊሳካልን ነበር። ሁሉም ጸጥ ብሎ፣ የቤዙ ተራ ደረሰ። ቤዙ ጉርምርምታውን ሲለቅ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ የመስኮቱ መስታወት ዘፈነ። የዚያን ዕለት የአባቴ የልጅነት የቂርአት ጓደኛ ሼህ ይማም ከከላላ ወደ ከተማችን ገበያ መጥተው በቅሏቸውን ከባሕር ዛፋችን ሥር አስረው ነበር። በቅሎዋ ምድር ልትሰነጠቅ ነው ብላ ሳታስብ አልቀረችም። ልጓሟን በጥሳ በአጥሩ ላይ ዘለለች። ስንከተላት ውለን ያገኘናት ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጌታዋን ትታ አገሯ ልትገባ ስትገሠግሥ ነው። ሼህ ይማም አንድ ጆሯቸው አይሰማም፤ ሌላውም ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ከቤዙ አንዳች አልሰሙም። በቅሎዬን ማን ፈታት እያሉ አባቴን ሲጠይቁ አመሹ። አባቴም እኔን ብቻ ያዩኝ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ግን የራሳችን ግቢ ነው። አባቴ የሚያቀሯቸው ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቀራሉ። አባቴን ልጆቹን ዝም ያሰኙልኝ ማለት እንዴት ይቻላል? የአላህ ቃል ለማሽን ሲባል ይቁም? ሁለት ሌሊት አንቀላፋሁ ብል ዋሸሁ። የነገራቸው ሌላ ሰው ነው፤ ራሷ ዘምዘም። ስልክ ደውላ ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ ብቻ በማግስቱ አባቴ ወደ አሮጌው ቤት ገብተው ልጆቹን ዛሬ በልባችሁ ቅሩ አሏቸው። ልጆቹ ጆሯቸውን አላመኑም። እስከዚያ ድረስ ዱላ የሚያርፍበት ዝም ያለው ነበርና። ለትንሽ ጊዜ በሳቅ ፈነዱ፤ ከዚያ ግን ጸጥ አለ። አባቴም ጸጥታውን ሊያዩ መጥተው ሳሎኑ ጥግ ተቀመጡ።

ስፒከሩ ጀመረ። ወዲያው ኮምፒውተሩ ጫጫታ አለ። እንደገና ጀመርን። እንደገና ጫጫታ። ባለሙያው ትንፋሹን ውጦ ክፍሉን ሲያስስ ዓይኑ የአባቴ እጅ ላይ አረፈ። ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ነበር፤ ፍሬዎቹ ቀጭ፣ ቀጭ ይላሉ። ባለሙያው አየኝ። እኔ ባለሙያውን አየሁት። አባቴን ዚክርዎን ያቁሙ የሚል ልጅ በቦረና አልተወለደም። በዚህ መሐል አባቴ የሁለታችንን ዓይን ተከትለው እጃቸውን አዩ። ሙስበሃውን ኪሳቸው ከተቱና በጣቶቻቸው አንጓ መቁጠር ቀጠሉ። ጣት ድምፅ የለውም። ልኬቱ ተሳካ።

እውነቱን ለመናገር የሚሆን አልመሰለኝም ነበር። ባለሙያው የተፈጥሮ ፊልም መርጦ ከፈተ። ጫካ ነው፤ ሰማዩ ይዳምናል። ከመሐለኛው ወንበር ጀርባ እንደቆምን መጀመሪያ ሩቅ ነጎድጓድ ሰማን። ከዚያ ጠብታ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በማጅራቴ በኩል። ከዚያ ወረደ። እኔ አፌን ከፍቼ ሳለሁ ሰዓዳ ከጓዳ ወጥታ በአጠገባችን በረረች። ግቢው ላይ ስንዴ አስጥታ ነበር። ፀሐይ ፈክታ ስትጠብቃት ስጡ አጠገብ ቆማ ሰማዩን ለረጅም ጊዜ አየችው። ተመልሳ ገባች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ዋጋው አንስታ አታውቅም።

ዘምዘም መጣች። አለቃቀሱ፣ ዱአው፣ እንኳን ለአገርሽ በቃሽው ሁሉ በወጉ ሆነ። ከስታለች፤ ፈገግታዋ ግን ያው ነው። ሳሎኑን ስታይ በሩ ላይ ቆመችና ባናዎቹን፣ ስፒከሮቹን፣ መሐለኛውን ወንበር አየች። ወንበርሽ ያ ነው አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች።

አሁን የረሳሁትን ነገር ልንገራችሁ። ወንበር ስናዘጋጅ እኔና ባለሙያው ያሰብነው ስለ ድምፅ ነው። ድምፁ አምሮ የሚሰማው ማይክሮፎኑ በቆመበት በመሐለኛው ወንበር ላይ ብቻ ነው፤ ሁለት ክንድ ያህል ወደ ጎን ፈቀቅ ካላችሁ ይደበዝዛል። ግን መሐለኛው ወንበር በወሎ ቤት የማን ነው? ዘምዘምን እንኳን መጣሽ ሊሉ ሽማግሌዎች ይገባሉ፤ ሳሎኑ ይሞላል፤ ታላቁ ሰው መሐል ይቀመጣል። አንድ ቀን አባቴ፣ አንድ ቀን የሰፈሩ ትልቅ ሰው። ከሁሉ ይልቅ ግን ሼህ ይማም። ሼህ ይማም ዜናውን ሰምተው በበቅሎዋ ተመልሰው መጡና፣ እንግዳም ሽማግሌም ስለሆኑ መሐል ላይ ተሰየሙ። ስንት የተለፋበት ድምፅ፣ አንዱ ጆሯቸው በማይሰማ ሰው ላይ ይፈስሳል። ዝናቡ በቀኛቸው ሲዘንብ ማሻአላህ ይላሉ፤ በግራቸው ሲዘንብ ያባራ ይመስላቸዋል።

ዘምዘም ደግሞ የሻይ ትሪውን ከሰዓዳ እጅ ተቀብላ በሩ ላይ ቆማለች። ተቀመጪ ስንላት፣ እሺ ትልና ሲኒ አንሥታ ትሄዳለች። ፊልም ሲከፈት ትገባለች፣ ስፒከር ላይ አቧራ ታያለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ ታደርጋለች፣ ተመልሳ በሩ ላይ ትቆማለች። አንድ ቀን ጓዳ አስገብቼ ያዝኳት።

«ዘምዬ፣ ዝናቡ ከበር አይሰማም። ወንበሩ ላይ ነው የሚሰማው። ለሼህ ይማም እኔ ልንገራቸው?»

«ሽማግሌ አስነሥቼ ልቀመጥ? አላደርገውም» አለች። ቀጥላም፣ «ደግሞ እጄ ባዶ ሆኖ መቀመጥ ጠፍቶብኛል፤ ተወኝ እስቲ» አለችኝና ትሪውን ይዛ ወጣች።

ይህ ነገር ከነቁንጫው፣ ከነበቅሎው ካየሁት ፍዳ ሁሉ ይልቅ አቃጠለኝ። ያን ሁሉ ለፍተን፣ ከፍለን፣ ልጅቱ ኮሪደር ላይ ቀረች። ለሰዓዳ ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። ሽማግሌ ማስነሣት ካልቻልክ ድምፁን አስነሣው አለችኝ። ይህንን የፊዚክስ መምህር ሊያስበው ይገባ ነበር። አላሰበውም።

በማግስቱ ዘምዘም ከሰዓዳ ጋር ገበያ ስትወርድ ደሴ ለተመለሰው ባለሙያ ደወልኩለት። በስልክ እየመራኝ ማይክሮፎኑን ከካርቶኑ አውጥቼ በሩ ላይ አቆምኩት፤ እሷ ትሪ ይዛ በምትቆምበት ቦታ፣ በጆሮዋ ልክ። አባቴ ከአሮጌው ቤት ሲያዩኝ ቆዩ። ምን እንደምሠራ አልጠየቁኝም። ልጆቹን ግን ሳልለምናቸው ዝም አሰኙልኝ፤ ልኬቱም በሩ ላይ ተደገመ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሳሎኑ እንደተለመደው ሞላ። ሼህ ይማም መሐል። አባቴ ከቀኛቸው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ዳርና ዳር። ዘምዘም ሲኒዎቹን ሞልታ፣ ትሪውን ይዛ በሩ ላይ ስትቆም ጠብቄ ፊልሙን ከፈትኩ። ጫካው መጣ። ሼህ ይማም ወዲያው አባቴን ነካ አድርገው፣ ማሽኑ ዛሬ ጉንፋን ያዘው ወይስ እኔ ነኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እዚያ መሐል ድምፁ እንደ ደረቀ ቅጠል ሆኗል።

እኔ የማየው ዘምዘምን ነበር። የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ሲኒ ልታነሣ ዘርግታው የነበረው እጇ ቆመ። ዝናቡ ወረደ። ቀስ ብላ ዞር አለች፤ ወደ ኋላዋ፣ ወደ ግቢው። ግቢው ፀሐይ ነው። እጇን ወደዚያ ዘርግታ መዳፏን መልሳ አየችው። ከዚያ ጀርባዋን መቃኑ ላይ አስደግፋ፣ እየተንሸራተተች ደፉ ላይ ተቀመጠች። ትሪውን ከነሲኒው ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗን ጨፈነች።

ሽማግሌዎቹ ሻይ ይጠብቃሉ። ትንሽ ቆይተው ሼህ ይማም ሻዩስ የት ደረሰ አሉ። ልነሣ ስል አባቴ በእጃቸው ተው አሉኝና ራሳቸው ተነሡ። ሼህ ሲነሡ ሁሉም ሊነሣ ቃጣ፤ ተቀመጡ አሏቸው። ወደ በሩ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ከልጃቸው ጭን ላይ ሲኒ አነሡና ለሼህ ይማም ሰጡ። ሌላ አነሡ፤ ለሌላው ሰጡ። እንዲህ እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሻይ ሲቀርብላቸው የኖሩ ሰው ሳሎኑን በሙሉ አስተናገዱ። ዘምዘም ዓይኗን አልገለጠችም። የመጨረሻውን ሲኒ ለራሳቸው ሊያነሡ ጎንበስ እንዳሉ ግን አባቴ እዚያው ቀሩ። ጆሯቸውን ሰጡ። ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩ።

«ለካስ እዚህ ነው የሚዘንበው» አሉ ለራሳቸው።

ቀስ ብለው፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ከዘምዘም ጎን ደፉ ላይ ተቀመጡ። ሼህ ተነሥተው ደፍ ላይ ሲቀመጡ ወንበር ላይ የሚቀር ማን ነው? አንደኛው ሽማግሌ ሲኒያቸውን ይዘው ተጠጉ። ሌላው ተከተሉ። ሼህ ይማምም ቢሆን ምን እንደተገኘ ባያውቁም ከዘራቸውን ተደግፈው ሄዱና፣ ደህናውን ጆሯቸውን ወደ ውስጥ አድርገው ቆሙ። ሰዓዳ ሁለተኛውን በራድ ይዛ ከውጭ ስትመጣ ማለፊያ አጣች።

ያዋጣል ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ ስለ ዋጋው እህቴን ጠይቋት፤ ከፋይዋ እሷ ናት። እኔ የማውቀው ያን ዕለት ያየሁትን ነው። ሳሎኑ ባዶ ሆነ። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተጨናንቆ ወደ ላይ አንጋጧል። ያን ሁሉ ጊዜ ለፍቼ አንድ ቀን እንኳ ያልተቀመጥኩበት መሐለኛው ወንበር ነጻ ነበርና ሄጄ ተቀመጥኩበት። ድምፁ ምንም አይረባም ነበር።